በእኔ ድምፅ እምቢ ያለችው

ፀጉር ቤት ውስጥ ያረጀ ሰው ቀስ ብሎ ማውራት አይችልም። በአንድ በኩል ደንበኞች ራሳቸውን የሚከቱበት ካስክ ያጓራል፣ በሌላ በኩል ቧንቧው ይንሿሿል፣ መሀል ላይ ሦስት ሴቶች ስለ አንድ ባል ያወራሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ መሰማት ካልቻልሽ ፎጣ የሚያቀብልሽም አታገኚ። ታላቅ እህቴ «አንቺ እኮ ምስጢር ስታወሪ ጎረቤት ቴሌቪዥኑን ይቀንሳል» ትለኛለች። ምላሷ ጤፍ ይቆላል ብለው የሚያሙኝም አሉ፤ ልክ ናቸው፣ ይቆላል። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ለመኩራራት አይደለም። የእህቴ ልጅ የሚጣ ታሪክ ያለ እኔ ጉሮሮ ስለማይነገር ነው።

ሚጣ የቤት ስሟ ነው። ስትወለድ ትንፋሽ አጥሯት ስለነበር እጅና እግሯ እንደ ልቧ አይታዘዟትም፣ ምላሷም ቃል አያወጣም። ጆሮዋ ግን ከእኔ ጆሮ ይበልጣል። አእምሮዋንማ ተዉት፤ ድራማ ገና ሲጀምር ሌባው ማን እንደሆነ ታውቅና እሱ ብቅ ባለ ቁጥር በሳቅ ታስቸግረናለች። እሺ ለማለት ዓይኗን ወደ ጣሪያ ታነሳለች። እምቢ ለማለት ምን እንደምታደርግ ግን ማናችንም አናውቅም ነበር፤ ጠይቀናት አናውቅማ! ሃያ ሦስት ዓመት ሞልቷት እንኳን ሚጣ እንዳልናት ቀረን።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ልጅቷ ጡት ሳትጥል ስለሞተባት፣ አንድ እግሯን የስፌት መኪናው ላይ፣ አንድ ዓይኗን ሚጣ ላይ አድርጋ ብቻዋን አሳደገቻት። እንደ እህቴ ያለ ለስላሳ ሰው አላየሁም። መርፌ ጣቷን ቢወጋት መርፌውን ይቅርታ የምትጠይቅ ሴት ናት። ልጇንም በዚያው መንገድ ነው ያሳደገቻት። እንግዳ ሲመጣ ሚጣ ጉንጯን ትሰጣለች። የፈለገ ያቅፋታል፣ የፈለገ ተሸክሞ ከወንበር ወደ አልጋ ያዛውራታል። «ልጄ እምቢ አታውቅም» የሚለው የእህቴ ትልቁ ኩራት ነበር።

አምና አንድ የሳሙና ማሸጊያ ድርጅት ለአካል ጉዳተኞች ሥራ ከፈተና ሚጣን ተቀበላት። ሥራዋን ብታዩት! ሳሙናው በወረቀት ተጠቅልሎ ፊቷ ይቀርባል፤ እሷ ያንን የማይዘረጋ የግራ እጇን አንስታ ማኅተሙ ላይ በቡጢ ታሳርፋለች። ጧ! አንድ ሳሙና አለቀ። ጣቶቹ እንዲዘረጉ ብለን በየሐኪሙ ያንከራተትነው እጅ ለካ ለማኅተም የተፈጠረ ኖሯል። ሳሙናውን የሚያቀብላት መስማት የተሳነው ወጣት ነው። ጥርሱ ስለማይከደን ሳቂታው ይሉታል። ሚጣ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነች። ጠዋት እናቷን የምትቀሰቅሰው እሷ፣ መኪናው እስኪመጣ በር በሩን የምታየው እሷ፣ ማታ ሳሙና ሳሙና እየሸተተች ስትመለስ የምትኮራው እሷ። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እኛ የሌለንበት የራሷ ቦታ አገኘች።

እህቴ ግን እንዲሁ አልለቀቀቻትም። «አንድ ክፉ ነገር የሰማሁ ቀን አበቃ፤ ቤቷ ትቀመጣለች» አለችኝ። ሚጣ አጠገባችን ነበረች። ፊቷ ጭልም ሲል አየሁት።

ማሸጊያው ውስጥ አንዲት ወጣት መምህርት አለች። አንደበት የሌላቸውን በሥዕልም፣ በእጅ ምልክትም፣ በመሣሪያም እንዲናገሩ ታሠለጥናለች። ለሚጣ የሚናገር ሰሌዳ አመጣችላት። ትሪ ያህላል፣ ትልልቅ ቁልፎች አሉት፣ በየቁልፉ የሰው ድምፅ ይቀዳበታል። ቁልፉን ሲመቱት የተቀዳውን ይናገራል። ወረቀት ለሃጭ ስለሚያርሰው እህቴ የቁልፎቹን ሥዕል ከጨርቅ ሰፋች፤ ድምፁንም ራሷ ቀዳች። «እባካችሁ ውሃ ስጡኝ።» «ይቅርታ፣ ሽንት ቤት ውሰዱኝ።» «እግዜር ይስጥልኝ።» ሁሉም እንደዚያ ቅቤ ቅቤ የሚል ነበር። መምህርቷ አንድ በአንድ አዳመጠችና፣

«በጣም ያምራል፣ እትዬ። እምቢው የታለ?» አለች።

«የምን እምቢ?»

«እምቢ፣ አልፈልግም፣ ተወኝ የምትልበት።»

«ኧረ የኔ ልጅ ጨዋ ናት!»

«እኔንም ያስፈራኝ እሱ ነው» አለች መምህርቷ። «ልብሷን የሚያወልቅላት ሰው አለ፣ የሚያጥባት አለ፣ መኪና ላይ የሚያወጣት አለ። ከነዚህ አንዱ ቢባልግ በምን ትናገራለች? በእግዜር ይስጥልኝ?»

እህቴ ክው አለች። እኔም አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ቃል ሳይወጣው አፌ ሲከፈት ያየ ሰው ብዙ አይደለም።

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። ይህን ተረት ያወጣው ወርቁን የሰረቀው ሌባ ሳይሆን አይቀርም። ለማንኛውም መምህርቷ ሳይቃጠል በቅጠል ብላ ቅዳሜ ከሰዓት ትምህርት ጀመረች፤ ለሚጣና ለሥራ ጓደኞቿ፣ ለእኛ ለቤተሰቦቻቸውም። የመመገቢያ ክፍሉ መጋረጃ ተዘጋ፣ ግድግዳው ላይ የሰው ገላ ሥዕል ተሰቀለ። ልብስ የለውም። አንድ አባት ወዲያው ጣሪያውን ማጥናት ጀመረ።

«ይሄ ምን ይባላል?» ትላለች መምህርቷ።

«ትከሻ!» እንላለን ባንድ አፍ።

«ይሄስ?»

«ሆድ!»

«ይሄስ?»

ከኋላ አንዲት እናት አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ «እንትን» አለች።

«ይሄኛውስ?»

«እሱም... እንትን ነው።»

«ሁለቱም እንትን ከሆነ፣ ልጅሽ እንትኔን አመመኝ ስትል ሐኪሙ የቱን ያክማል?» አለች መምህርቷ። «ጡት ጡት ነው፣ ብልትም ብልት ነው። ፈጣሪ ሲሠራው አላፈረም፤ እኛ ስንጠራው ለምን እናፍራለን?»

ፀጉር ቤት ስንት ጉድ የሰማሁት ሴትዮ ፊቴ ጋለ! ሚጣ ግን ሥዕሉን ዓይኗን ሳትነቅል ታያለች። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ገዛ ገላዋ አንድ ቃል ያልነገርናት ልጅ፣ የወር አበባ ከየት እንደሚመጣ፣ ሴት እንዴት እንደምታረግዝ፣ በሽታ እንዴት እንደሚተላለፍ ስትሰማ ዋለች። የሚያጥባት ሰው ከመንካቱ በፊት ሊነግራት እንደሚገባም ተማረች። አንድ ሰው «ይህን ለማንም እንዳትነግሪ» ካላት ፈጥና የምትናገረው እሱኑ እንደሆነም ተማረች። ከዚያ መምህርቷ ስለ ፍቅር ጀመረች።

«ፍቅር?» አለች እህቴ። «ለሚጣ?»

«ለማን መስሎሽ ነው? እምቢ ማለት የምንማረው እኮ እሺ ስንል የምር እሺ እንዲሆን ነው።»

የሚጣ ጆሮ ቀላ። ሳቂታው በእጅ ምልክት በሚተረጉምለት ሰው በኩል ይህንኑ ሲረዳ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ መፍታትና ማሰር ያዘ። እኔ ነቄ ነኝ፤ ግን ሆድ ይፍጀው አልኩ።

የቤት ሥራ ተሰጠን። የገላ ክፍሎችን ሥዕል ለሰሌዳው መስፋት፣ ከዚያም የእምቢታ ቃሎችን መቅዳት። እህቴ በሯን ዘግታ፣ የደንበኛ መጋረጃ ከላይ ደርባ፣ እንደ ሌባ እየተደበቀች ሰፋች። ስታመጣው መምህርቷ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«እትዬ፣ ይሄ ብርቱካን ነው።»

«ያው... ጡት ለማለት ነው እኮ። ትንሽ ለዓይን እንዳይከብድ ብዬ።»

«ነገ አንዱ ቢነካት ፖሊስ ፊት ምን ልትል ነው? ብርቱካኔን ነካብኝ?»

ሚጣ በሳቅ ከወንበሯ ልትንሸራተት ደረሰች። እህቴ አፍራ፣ ራሷም እየሳቀች ብርቱካኑን ተረተረችና ጡትን እንደ ጡት ሰፋችው። እጇ ወርቅ ነው፤ ደግሞ ሲያምር!

ቀረጻው ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ። እህቴ ሰሌዳውን አፏ አስጠግታ «እባክህ... እጅህን ብታነሳልኝ...» አለች። የሚሰማት ሰው ሻይ የምትጋብዝ ይመስለዋል። «ትንሽ ጠንከር!» ትላታለች መምህርቷ። «እባክህ፣ እጅህን...» ድገሚ። «ይቅርታ፣ እጅህን...» እኔ ትዕግሥቴ አለቀ። ሰሌዳውን ቀማኋት፣ ሁለት ካስክ ባንዴ እንደሚጮኽብኝ አድርጌ አየር ሳብኩና፣

«አንተ! እጅህን አንሳ!» አልኩ።

ጎረቤት ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ የሚመታ ሠራተኛ ነበር። መዶሻውን ጥሎ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። «ምን አደረግኩ እትዬ?» ሲል በመስኮት ሰማነው። ሚጣ ይህን ካየች በኋላ ማን ያስቁማት! ቁልፉን በቡጢ ትመታለች፣ ሰውዬው እጁን ያነሳል፣ ትስቃለች፣ ደግማ ትመታለች። በመጨረሻ ምሳው ደርሶ ይሁን መርሮት እንጃ፣ ወርዶ ሄደ። እኔም የገላ ክፍሎቹን ስም፣ «እምቢ!» የሚለውንና «እኔን ጠይቁኝ!» የሚለውን ጨምሬ ቀዳሁላት። የመጨረሻውን የጠየቀችው መምህርቷ ናት፤ ሚጣ እዚያው ተቀምጣ ሰው ሁሉ «ምን ትበላለች? አሟት ነው?» እያለ እናቷን ሲጠይቅ ታዝባ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ ድምፅም ለካ ባዳ ነው። በማግስቱ እንደ ልማዴ ከኋላዋ መጥቼ ማበጠሪያዬን ፀጉሯ ውስጥ ሰደድኩ። «አንተ! እጅህን አንሳ!» አለኝ የገዛ ጉሮሮዬ።

«ምነው ሚጣዬ፣ እኔ እኮ ነኝ!»

«እምቢ!»

«እሺ... ላበጥርልሽ?»

አሰበችበት። አቤት ስትኮራ! ከዚያ ዓይኗን ወደ ጣሪያ አነሳች። ልማዱ ተጋብቶብኝ ፀጉር ቤት ሄጄ ደንበኞቼን «ልንካሽ?» ማለት ጀመርኩ። አንዷ «ምን ሆነሻል? ልትዳሪኝ ነው ወይስ ልትተኩሺኝ?» ብላ ሳቀችብኝ። ሌላዋ ደግሞ «አንገቴን አትንኪብኝ፣ ድሮም አልወድም» አለችኝ። ስንት ዘመን አንገቷን ሳሽላት ኖሬ!

እንግዲህ ወደ ክፉው ነገር ልምጣ። መድረሱ አይቀርም ነበርና።

የማሸጊያው ሚኒባስ ሾፌርና ረዳት አለው። ሾፌሩ ሸምገል ያለ ሰው ነው። አንድ ቀን ፀጉር ቤቴ በር ላይ መኪና አቁሞ ደንበኛ ስለከለከለብኝ እላዩ ላይ ጮኼበት፣ ከዚያ ወዲህ ከሩቅ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። ረዳቱ ደግሞ ሁሉም የሚወደው ልጅ ነበር። ከረሜላ ከኪሱ አይጠፋም፤ እህቴን «እማማ» እያለ ያቅፋታል፣ ተሽከርካሪ ወንበሩን ያነሳል፣ ቀበቶ ያስራል። እኔ ራሴ «ተባረክ» ብዬዋለሁ። ያንን ምርቃት መልሼ ብውጠው ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት መኪናው ሞልቶ እየሄደ ነው። ረዳቱ ቀበቶ ላጥብቅ ብሎ ሚጣ ላይ ጎንበስ አለ። ቀበቶው ወገብ ላይ ነው፤ እጁ ግን ወደ ላይ ሄደ። ሚጣ ደረቀች። ይህን በኋላ ነው የነገረችን፤ መጀመሪያ ገላዋ ሁሉ ደረቀ፣ ቡጢዋም አልነሳ አላት። ከዚያ ተነሳላት።

«አንተ! እጅህን አንሳ!»

ሾፌሩ እኔ ከኋላ የተቀመጥኩ መስሎት ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረገጠው። «እሜቴ! ምን አጠፋሁ?» ብሎ ዞረ። እኔ የለሁም። ረዳቱ ተገትሯል፣ ሰው ሁሉ አፍጥጧል።

«ቀበቶ እያሰርኩላት ነው፣ ዝም ብላ ነው የምትነካካው» አለ ረዳቱ እየሳቀ። «መጫወቻ ሰጥተዋት...»

«እጅህን አንሳ!» አለች ሚጣ ደግማ። ከዚያ ሌላ ቁልፍ መታች። «ጡት።» ደግማ፣ «ጡት።» እናቷ ተደብቃ የሰፋችውን፣ ብርቱካን ያልሆነውን።

ሾፌሩን እግዜር ይስጠው። ተሳስታ ነው አላለም፣ ነገር አታብዙም አላለም። «ውረድ ከአጠገቧ፣ እፊት ና ተቀመጥ» አለውና መኪናውን በቀጥታ ወደ ማሸጊያው ቢሮ ነዳ። በኋላ ለምን ወዲያው እንዳመናት ጠየቅኩት። «ያ ድምፅ ያለምክንያት ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም» አለኝ። ሳላስበው እንባዬ መጣ።

ፖሊስ ጣቢያ እኔም እህቴም ሚጣን ይዘን ከመምህርቷ ጋር ሄድን። መርማሪዋ ወደ እህቴ ዞራ «ምን ሆነች ልጅዎ?» ስትል፣ «እኔን ጠይቁኝ!» የሚል ጩኸት ክፍሉን ሞላው። መርማሪዋ እኔ ላይ አፈጠጠች።

«አፌን አልከፈትኩም፤ እሷ ናት» አልኳት።

መርማሪዋ ወንበሯን ጎትታ ሚጣ ፊት ተቀመጠች። አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል ጠየቀቻት፤ ሚጣ አንዳንዱን በቡጢዋ፣ አንዳንዱን በዓይኗ መለሰች። የሰሌዳው ቃል ሲያልቅባት መምህርቷ የሥዕል ካርዶች ዘረጋችላት። ረዳቱ ያን ቀን ከሥራ ተባረረ፤ ታሠረም። ስንወጣ ሚጣ ላብ በላብ ሆናለች፤ አንገቷ ግን ቀጥ ብሏል።

እኔ ድል አደረግን ብዬ ቤት ስገባ እህቴ የሚጣን የሥራ ቦርሳ በሩ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ ሰቀለችው።

«አበቃ» አለች። «ብያለሁ፤ አንድ ክፉ ነገር የሰማሁ ቀን ብያለሁ።»

በነጋታው መኪናው መጥቶ ጥሩምባ ነፋ፤ እህቴ በመስኮት እጇን አወዛውዛ መለሰችው። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። ሚጣ በሩን ታያለች። እናቷ ምግብ ስታቀርብላት አፏን አትከፍትም። ያ ሳሙና ሳሙና የሚሸት ቤት የጨርቅ አቧራ ብቻ የሚሸት ሆነ። ፀጉር ቤቴን ዘግቼ መጣሁ።

«እትዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ልጄን እየጠበቅኩ ነው።»

«ልጅሽማ ራሷን ጠበቀች! ያጠፋው ታሠረ፤ አሁን ደግሞ እሷን ልታስሪያት ነው?»

«አንቺ ልጅ የለሽም» አለች እህቴ፣ በዚያው በለስላሳ ድምፅዋ። «አታውቂውም።»

ይህች ንግግር ወጋችኝ። አልዋሽም፣ በጣም ነው የወጋችኝ። እህቴም እንደወጋችኝ አይታ ዓይኗን ሰበረች። ፀጉር ቤት ሙሉ ሴት የማስወራው እኔ መስፊያ መኪናው አጠገብ ዱቄቱ እንደፈሰሰ ጆንያ ቁጭ አልኩ። እህቴ ከእኔ ለመሸሽ ወደ ሚጣ ሄዳ የእግሯን ብርድ ልብስ ማስተካከል ጀመረች።

«እምቢ!»

«በቃሽ፣ ተይኝ አንቺ!» አለች እህቴ ወደ እኔ ዞራ።

«እኔ አልተናገርኩም» አልኳት።

እህቴ ቀስ ብላ ወደ ልጇ ተመለሰች። ሚጣ ምስማሩ ላይ የተሰቀለውን ቦርሳ አየች፤ ከዚያ እናቷን አየች። «እምቢ!» አለች ደግማ። በእኔ ድምፅ ነው፤ ግን የእኔ አልነበረም። እኔ እንደዚያ አድርጌ በሕይወቴ እምቢ ብዬ አላውቅም። ከዚያም፣ «እኔን ጠይቁኝ!»

እህቴ ተንበረከከች።

«ልጄ፣ ሥራሽ መመለስ ትፈልጊያለሽ?»

ዓይኗ ወደ ጣሪያ ተነሳ።

«አትፈሪም?»

ቡጢዋም አልተነሳ፣ ዓይኗም አልተነሳ።

«ፈርተሽም ትሄጃለሽ?»

ዓይኗ ተነሳ፤ እዚያው ጣሪያው ላይ ቆየ።

እህቴ ራሷን የሚጣ ጭን ላይ ጥላ አለቀሰች። ትንሽ ቆይታ ቀና ስትል ግን፣ አታምኑኝም፣ እየሳቀች ነው። «እምቢ አለችኝ እኮ!» አለች። «ሰማሽ አንቺ? ልጄ እምቢ አለችኝ!» በማግስቱ ልብስ ልትለካ የመጣች ደንበኛ ሁሉ ይህንኑ ስትሰማ ዋለች። አንዷማ ግራ ገብቷት «አይዞሽ፣ ልጅ ሲያድግ እንዲህ ነው» ብላ አጽናናቻት። እኔንም ማታ ጠርታኝ «ድምፅሽ ነው ያተረፈልኝ» አለችኝ። እኔና እሷ ስለዚያች ወጊ ንግግር ከዚያ በኋላ አላነሳንም፤ አላስፈለገንማ።

አዲሷ ረዳት ሴት ናት። ሁልጊዜ «ቀበቶሽን ልሰር?» ትላለች፣ መልሱን ጠብቃ ታስራለች። ሚጣ አንዳንዴ ለጨዋታ ብላ «እምቢ!» ትልና ሾፌሩን በፍሬን ታጫውተዋለች። በማሸጊያውም አሁን ሌሎቹ ሁሉ የእምቢታ ቁልፍ ይሠራልን አሉ፤ ድምፁም የእኔው ይሁን ተባለ። እንዳትስቁ፣ ስድስት ሰው በአንድ ጉሮሮዬ ይቆጣል።

ከዚያ ሚጣ አንድ አዲስ ቁልፍ አማራት። ቀኑን ሙሉ የክፍሏን በር ታያለች፣ ባዶውን ቁልፍ ታያለች። እህቴ የተዘጋ በር ሰፋችላት። መምህርቷ ቃሉን ከካርዶቿ አስመረጠቻትና ለእኔ ነገረችኝ። ያን ሰሞን ትምህርቱ ብቻን ስለ መሆን መብት ነበር፤ ለልብስ መቀየሪያ ነው ብዬ አሰብኩ። ምን ቆርጦኝ ልሳሳ፣ ሳንባዬን ሞልቼ ቀዳሁላት።

እሑድ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ሳቂታው ነው። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ፀጉሩ ተቀብቷል፤ ባለሙያ ነኝና ቅባቱ በዝቷል። ማኅተም ያልተመታበት አንድ ሳሙና በወረቀት ጠቅልሎ ይዟል። ሚጣ ጭኗ ላይ ሲያስቀምጥላት በባዶ ቡጢዋ ጧ አደረገችበት፣ ሁለቱም ሳቁ። እኔና እህቴ ግራና ቀኝ እንደ ዘበኛ ተቀመጥን። ሻይ ቀረበ። እሱ አይሰማ፣ እሷ አትናገር፣ እኛ ደግሞ ሁለት አሮጊት ሰላዮች።

ከዚያ ሳቂታው ወደ ሚጣ እጅ አመለከተ፣ የራሱን መዳፍ ገለበጠና ዘረጋ፣ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ ጠበቀ። የቅዳሜ ተማሪ አይደል! መጀመሪያ ይጠየቃል። ሚጣ ዓይኗን ወደ ጣሪያ አነሳች። እጇን ግን አልሰጠችውም። መጀመሪያ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ የበሩን ሥዕል አየች፣ ከዚያ ቡጢዋ ወረደ።

«ውጡ! በሩንም ዝጉት!»

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። እህቴ ወዲያው ተነሳች፤ ለካ የሥዕሉን ነገር ስትሰፋው ጀምሮ ገብቷታል።

«እኔንም ነው?» አልኩ።

«ውጡ! በሩንም ዝጉት!»

ሳቂታው ድምፁን ባይሰማም ፊቴን አይቶ በሳቅ ፈነዳ። ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ቆመን እህቴ አፏን በመቀነቷ አፍና ትስቃለች።

«ከብት ካለው አፍ ያለው ያግባሽ ሲባል አልሰማችም?» አልኳት በሹክሹክታ። «ሁለቱም አፍ የላቸው!»

«ያንቺ ይበቃቸዋል» አለች እህቴ። «በይ ነይ፣ ወጥ ቤት እንቀመጥ።»

እሷ ሄደች። እኔ ግን እኔ ነኝ። ልጅቷን ሃያ ሦስት ዓመት አብሬ አሳድጌ፣ ባላይ አንጀቴ አይችልም። እጀታውን ቀስ ብዬ ገፋሁ፣ በሩንም ገርበብ አድርጌ አየሁ። ሳቂታው ወንበሩን አስጠግቶ ተቀምጧል፤ የሚጣ እጅ፣ ያ የማይዘረጋው፣ መዳፉ ላይ ዐርፏል። አንድ ጣቷ፣ ትንሿ፣ ተዘርግታለች።

ሚጣ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ዓይኗ እየሳቀ ነው። እጇን ከእጁ ላይ ቀስ ብላ አነሳች፣ ሰሌዳው ላይ በቡጢ አሳረፈችና መልሳ እዚያው እመዳፉ ላይ አስቀመጠችው።

«አንተ! እጅህን አንሳ!»

እጄን ከእጀታው ላይ አነሳሁ።